ያላስረዘምኩት ጂን

ውድ እታለም፣

ደብዳቤውን ከመቅደድሽ በፊት አራግፊው። ዱቄት የለበትም፣ ጉንዳንም የለበትም። ያለው አንድ ፎቶና አንድ ኑዛዜ ነው። ሰው የሠራውን ይናዘዛል፤ እኔ ግን ያልሠራሁትን ልናዘዝልሽ ነው።

የተጣላንባት ያቺ ጠዋት አትረሳሽም። ከጣሪያችን የውሃ ታንከር ውስጥ ልጋጉን ፍቄ ያመጣሁልሽ እኔ ነበርኩ፤ ከዘጠነኛ ክፍል የተባረረ ቧንቧ ሠራተኛ ወንድም ለዚህ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል። አንቺ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ ከልጋጉ አሜባዎቹን ለየሽ፤ ሳህን ላይ ባክቴሪያ እያበላሽ እንደ ጫጩት አሳደግሻቸው። ከዚያ ጂናቸውን አብዝተሽ ቁራጭን በርዝመት በሚለየው ጄል ላይ ስታስሮጪው፣ የጂኑ መስመር ከሚጠበቀው ቦታ ሳይደርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ረጅም ቁራጭ ጄል ውስጥ እንደሚንቀረፈፍ ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ።

"አንተ ቅንቅን! የሙከራ ቱቦዬ ውስጥ ምን ጨመርክ?" አልሽኝ።

መጠርጠርሽ አይፈረድብሽም። ሻምፖሽን በሰማያዊ ቀለም የለወጠ እጅ ቱቦሽን ለምን ይምራል? እኔም አፌ አያርፍም፤ "ደረስሽብኝ! ትንሽ ምራቅ ጠብ አድርጌበታለሁ" አልኩሽ።

ጫማ ትወረውሪብኛለሽ ብዬ ጎንበስ አልኩ። አልወረወርሽም። "ይህን ከነካህ ሌላውንስ አለመንካትህን በምን አውቃለሁ? የሁለት ዓመት ሥራዬ ነበር" አልሽ፣ ቀስ ብለሽ። "ኧረ ውሸቴን ነው!" ስልሽ፣ እሱንም ውሸት ነው አልሽ። በሳምንቱ ትምህርትሽን ትተሽ አክስታችን ዘንድ ሄድሽ። ስደውል "ደግሞ ምን ልትሠራኝ ነው?" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ይኸው ሰባት ወር፣ አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ካርቶን ትደረድሪያለሽ፣ እኔ የሰው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኬ አንቺን አስባለሁ። ቦታው ለትዝታ አይመችም፣ ግን እንጀራ ነው።

ስትሄጂ "ሳህኔን ጣልልኝ" ብለሽ አዘሽኝ ነበር። አልጣልኩትም። ክዳኑ ላይ ሁለት ፍጥጥ ያሉ ዓይኖች ሣልኩበትና የቴክኒሻናችሁ የጓንቴ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መቼም ያ ጓንቱን የማያወልቅ ሰው ከፍቶት ሲጮኽ ልሰማ ነው። ሰውዬው መሳቢያውን በስድስተኛ ወሩ ከፈተው! ቀልዴ እስኪበስል እኔ ልሸብት ነበር።

ባለፈው ወር የሚያፈስ የላብራቶሪ ቧንቧ ሊያሠራ ጠርቶኝ ሳህኑን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

"ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የጎበዝ ሠዓሊ።"

"አንተ ዋልጌ! የእህትህ ጽሑፍ አለበት እኮ።"

ሳህኑ ደርቆ እንደ ቁርበት ተጨማዷል። "ሞቱ አይደል?" አልኩት።

"አሜባ በዋዛ አይሞትም። ሲከፋው ዙሪያውን ወፍራም ግድግዳ ሠርቶ ይተኛል።"

ውሃና ባክቴሪያ ሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ሲንፏቀቁ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። እታለም፣ እንዳትስቂብኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያኔ ያቺን የምራቅ ውሸት ነገርኩት። ጓንቴ ትክ ብሎ አየኝና ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፈ። "ከዚህ መስመር ወዲያ ቁም። እጅህን ኪስህ ክተት።" ከተትኩ። እሱ ከነቃው አሜባ ጀምሮ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራው። መስመሩ ያው ረጅም! እጄ በሌለበት!

ከዚያ የጂኑን ፊደል በቅደም ተከተል አስነበበው። የራይቦዞሙ ጂን፣ ያ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን ያልሽኝ፣ መሀሉ ላይ ትርፍ ቁራጭ ተሰንቅሮበታል። ኢንትሮን ነው አለኝ።

"ታዲያ ማሽኑ አይበላሽም?"

"ጂኑ ወደ ቅጂው፣ ወደ አር ኤን ኤ ሲገለበጥ ቁራጩ ይወጣና ግራና ቀኙ ይገጣጠማል።"

"ማን ቆርጦት?"

"እንዲህ ያለው ራሱን ቆርጦ ይወጣል።"

"ያለ መቀስ?"

"ያለ መቀስ።"

እኔ ደግሞ ውሸታም ስለሆንኩ ሰው አላምንም። አር ኤን ኤውን አውጥቶ አሳየኝ፤ እውነትም አጭር ነው። ሁለቱም ፎቶው ላይ አሉልሽ፣ ረጅሙ ከጂኑ፣ አጭሩ ከአር ኤን ኤው። ጀርባው ላይ የጓንቴ ፊርማ አለ። እኔን ባታምኚኝም እሱን እመኚው፤ በዕድሜው ቀልዶ አያውቅም።

እኔም ሥራሽ መሀል የተሰነቀርኩ ትርፍ ነበርኩ። ግን ያ ቁራጭ ሲወጣ የለያየውን ያገጣጥማል፣ እኔ ለያይቼ ቀረሁ። ይቅር በይኝ። ይህን ቃል ስጽፍ አልሳቅኩም።

አማካሪሽ ፎቶውን አይታለች። "ቦታዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው፤ ራሷ ትምጣ እንጂ በወንድሟ በኩል መልእክት አልቀበልም" አለች። ዝናዬ ደርሷታል! ገና ሦስት ሳምንት አለሽ።

ስትመጪ ከፕላስተሩ ወዲህ ቆሜ ታገኚኛለሽ። መስመሩን ላልሻገር ቃሌ ነው፣ ቧንቧ ካልፈነዳ በቀር። ሳህኑ ላይ ያሉትን ዓይኖች አልጠረግኳቸውም። ትናንት ሳይ ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠዋል። እኔ አይደለሁም፤ እጄ ኪሴ ነበር። ጓንቴን ስጠይቀው "መንገድ እያዩ ነው" አለኝ።

ያልሠራውን የተናዘዘው፣ የሠራውን ለመናዘዝ ግን ወረቀት ያልበቃው ወንድምሽ፣
ቅንቅን