ስለ ባለቤቴ ጠባሳ፣ ለፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም መራጭ ኮሚቴ

ለተከበሩ የኮሚቴው ሰብሳቢና ለተከበራችሁ አባላት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ሰነበተ? የዓይናችሁ ብርሃንና የጣታችሁ ብርታት እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ፤ አንዷን ቁልፍ ለመጫንም ቢሆን ጣት ያስፈልጋልና። እኔ በመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት የሠራተኞችን የመታወቂያ ፎቶ ሳነሣና ሳስተካክል ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ፎቶ አንሺ ነኝ። ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ብቻ ምንም አይሰማኝም። ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ፕሮግራሙን ስትመርጡ ከፎቶ ክፍል ማንንም ባለመጥራት ስላላደከማችሁን አመሰግናለሁ። የግዥ ኃላፊው፣ የመኪና ስምሪት ኃላፊውና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ለሥራው ከበቂ በላይ ነበሩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳልባል ብፈራም፣ ሦስቱን ፕሮግራሞች አወዳድሬ አራት ገጽ ጽፌላችሁ ነበር፤ ሁለቱ ዋናውን ፎቶ ሳይነኩ የተስተካከለውን ለብቻው እንደሚያስቀምጡ፣ ሦስተኛው ግን ዋናውን አጥፍቶ በቦታው እንደሚተካ አስረድቼ። ጽሑፌን ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አይቼዋለሁ። ጠረጴዛውን ከመበላሸት ማዳኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

2. ስለ መመዘኛችሁ ግልጽነት። ሦስቱንም በሰብሳቢው ፎቶ ላይ ሞክራችሁ፣ ግንባራቸው ላይ ጠጉር የመለሰላቸውን ሦስተኛውን በሙሉ ድምፅ መርጣችኋል። ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ኖሯል፤ ሰብሳቢያችን እስከ ዛሬም አላወቁትም።

3. ስለ ትጋታችሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ በመዝገብ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ፣ ጡረተኛ ሟች ሳትሉ፣ አሳምራችኋል። ከሟቾቹ አንዷ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ባለቤቴ ናት። በልጅነቷ እሳት የነካት ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ስለነበረ ካሜራ ባየች ቁጥር ሰው ጀርባ ትገባ ነበር። ያላት ፎቶ፣ ሳንጋባ በፊት ለመታወቂያዋ ያነሣኋት ብቻ ነው። ያን ዕለት ጠባሳውን ላጥፋልሽ ወይ ብላት፣ ተወው፣ እሱ ከሌለ ሌላ ሰው ነኝ አለችኝ። ተውሁት። የእናንተ ፕሮግራም ማንንም አልጠየቀም።

ቅጂ ለምን ቤትህ አላስቀመጥህም እንዳትሉኝ፤ የመሥሪያ ቤት ፋይል ወደ ቤት እንዳይወሰድ ያወጣችሁትን መመሪያ አክብሬ ነው። በእጇ የነበረው መታወቂያም ስትሞት ተመላሽ ሆኖ በደንቡ መሠረት ተቆራርጧል።

ባለፈው ሳምንት፣ ሌላ ስለሌለኝ፣ ያሳመራችሁትን ፎቶ አሳድጌ አትሜ ሳሎን ሰቀልሁት። ልጄ ከሥራ ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ ይቺ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግድግዳ በኩል ስታልፍ ቀና አትልም።

ጠባሳውን በእጄ መልሼ ለመሥራት ሦስት ቀን ሞከርሁ። ሙያዬ ነው፤ ያቅተኛል ብዬ አላሰብሁም። ግን ከዓይኗ ሥር ተነሥቶ የት ላይ እንደሚጠብ ጠፋኝ። ሃያ ዓመት በየቀኑ ያየሁት ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር የለም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

በምትሄዱበት ሁሉ መልካችሁን የሚያውቅ ሰው እንዳታጡ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣችሁ፣

የምድር ቤቱ ፎቶ አንሺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ የኮሚቴውን የጋራ ፎቶ እንዳነሣ የተጻፈልኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። በመረጣችሁልን ፕሮግራም አስተካክዬ አስረክባችኋለሁ። ከጀርባው ግን ማን ማን እንደሆናችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ አንድ ቀን ለልጆቻችሁ ያስፈልጋቸዋል።