አንዷ ማይክሮፎን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እማማስ መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ደብቃዋለች? በቆሎው ከበረዶ መትረፉን ከካርድሽ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሎስ አንጀለስም እንዳለች ናት፤ ፀሐይና መኪና ብቻ።

አሁን ወደ ቁጣሽ ልምጣ። በፋሲካ ደውለሽልኝ ንግግርሽን ሳትጨርሺ ስልኩን ዘጋሁብሽ። «ፎቶህ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ እኛን ንቀኸናል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አልናቅኋችሁም። የሰማሁት ቅባት መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ የሚመስል ድምፅ ብቻ ነው። አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ሌላ ሰው በፋሲካ ጠዋት ስለማይደውልልኝ ነው። አፍሬ ዘጋሁት።

አባባን አስታውሺ፣ ነፍሱን ይማረውና። የትራክተሩ ጩኸት ጆሮውን ከወሰደበት በኋላ ገበታ ላይ ስንቀልድ ከሁላችንም ዘግይቶ ይስቅ ነበር። እኛ ደግሞ ባለጌዎች በዘገየው ሳቁ እንስቅበት ነበር። ለካ እኛ ስንስቅ አይቶ ነው የሚስቀው። ይኸው እኔም ዘግይቼ መሳቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

እንደ እኔ ያለ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቦታው ከበሮው አጠገብ ነው፤ ከበሮኛውና እሱ እንደ አንድ ሰው መርገጥ አለባቸው። እኔ በቤከርስፊልድ የነዳጅ ሠራተኞች በሚጨፍሩባቸው ቡና ቤቶች ጀምሬ፣ ጊታር እየመታ ከሚዘፍነው ከዌንደል ጋር ሦስት ሸክላ እስካወጣንበት እስከዛሬ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ቀኝ ጆሮዬን ለከበሮኛው የነሐስ ሳህኖች ሰጥቼ ቆሜያለሁ። የገጠሩን ካንትሪና የከተማውን ሮክ ቀላቅለን ስለምንጫወት፣ መጀመሪያ ላይ የካንትሪ ወዳዶቹ «ፀጉራችሁን ተላጩ» ይሉን ነበር፤ የሮክ ልጆቹ ደግሞ «ላሞቻችሁን የት ጥላችሁ መጣችሁ?» ይሉን ነበር። ያን ሁሉ ችለን ነው እዚህ የደረስነው። እናም ጆሮዬ ከዳኝ ብዬ ለማን ልንገር? ቀኝ ጆሮዬ ጭራሽ ሄዷል፤ ግራው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተናጋሪውን አፍ እያየሁ ከሆነ ይሠራል፤ ከበሮው ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር አንድ ጉርምርምታ ይሆንብኛል።

እንዴት እንደደበቅሁት ልንገርሽ። ቤዜን የምቃኘው ለብቻዬ ነው። የመቃኛውን ብረት አንኳኩቼ በጥርሴ እነክሰዋለሁ፤ ንዝረቱ በአጥንቴ ይገባል። ምቱን በጫማዬ ተረከዝ ከመድረኩ እቀበላለሁ። የትኛውን ድምፅ እንደምይዝ የሚነግሩኝ የዌንደል ጣቶች ናቸው፤ ጊታሩ ላይ የት እንደተቀመጡ አያለሁ። ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ሁለታችን አንድ ማይክሮፎን ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ነው የምንዘፍነው፤ እሱ መሪውን፣ እኔ ከላይ ያለውን ሁለተኛውን ድምፅ። ጋዜጦቹ «እንደ መንታ ይዋደዳሉ» ብለው ጻፉ። እኔ ድምፁን በጉንጩ እየሰማሁ እንደነበር ማን ያውቃል?

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ለቴሌቪዥን ልንቀረጽ ሄድን። ዌንደልን ጉንፋን ይዞታል፤ ከፍ ያለው ቦታ አልወጣ ብሎታል። የጊታሩን ክሮች ሁሉ በግማሽ ድምፅ አላላና ቅኝቱን ማውረዱን መልበሻ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ተናገረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብረቴን ነክሼ እቃኝ ስለነበር አልሰማሁም። የቀሩት በእሱ ጊታር ልክ ቃኙ። ጣቶቹ ግን ያው የድሮ ቦታቸው ላይ ናቸው! አይቼ አመንኳቸው።

ስንጀምር ከበሮኛው እንደ እብድ አየኝ። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ፊቷን አጨማደደች። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ላቤ ጀርባዬን አራሰው። ዌንደል እጁን አንሥቶ አስቆመንና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ያለውን በኋላ ነው የነገሩኝ፦ «ይቅርታ፣ ጌቶቼ! ጊታሬን ዛሬ ሰክሬ ነው የቃኘሁት!» ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ዘግይቼ ሳቅሁ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘና አውራ ጣቱን አንዴ ወደ ታች ጎተተልኝ። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አልኩ። ጉንጩን አስጠጋልኝ፤ ዘፈንን።

ሥራ አስኪያጃችን ኦርቪል ግን አልሳቀም። ዌንደል መጠጥ ከተወ አሥራ አራት ወር ሆኖታል፤ ውሉም አንዲት ጠብታ ከቀመሰ ከቡድኑ እንደሚወጣ ይናገራል። ኦርቪል ዌንደልን ለብቻው ወስዶ ሲያፋጥጠው «አዎ፣ ቀምሻለሁ» አለው። ውሸቱን ነው፤ አጠገቡ የምዘፍነው እኔ ነኝ፣ ትንፋሹን አውቀዋለሁ። በማግስቱ ኦርቪል ሁላችንንም ሰብስቦ ዌንደል እንደሚሰናበት ነገረን፤ የስንብቱ ፊርማ ዓርብ ቀትር ላይ ነው።

ሮጬ ዌንደል ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። «ምን ነክቶህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ልክ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ ሰካራም ብባል ማን ይደነግጣል? የድሮ ስሜ ነው። አንተን ግን ደንቆሮ ካሉህ ደግሞ የሚቀጥርህ የለም። አርፈህ ሥራህን ሥራ» አለኝ።

መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት። «ሁለተኛዋን ማይክሮፎን ያስነሣሁት ለምን መሰለህ፣ አንተ ጅል? ላብህ ሽቶ ሆኖብኝ?» አለና ግማሹን ብርቱካን ሰጠኝ።

እህቴ፣ አንዷን ማይክሮፎን የጀመርናት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ቂሉ የማታለለው መስሎኝ ነበር። ሚስቱ መጠጡን ስለተወ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው፤ አሁን ከከንፈሩ የወጣውን ስትሰማ ምን ልትል ነው? እሷን እንኳ እውነቱን አልነገራትም። ተናድጄበታለሁ፤ በሕይወቴ ሰውን እንዲህ ወድጄም ተናድጄም አላውቅም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ በቀር የማውቀው የለም፤ በቆሎ እንኳ ማጨድ ረስቻለሁ። ከእሱ ተመልሼ የረቡዕን ሌሊት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ አደርኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ትናንት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጆሮዬ መክዳቱን መስክሮ የጻፈልኝ ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ይህን ደብዳቤ ወደ ኦርቪል ቢሮ ስሄድ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እጥለዋለሁ።

ለእማማ አሁን ምንም እንዳትነግሪያት፤ ፊቴን አይታ ትስማው። ከጓዳው አጠገብ ያለችው የአባባ ክፍል ዕቃ ካልሞላባት አናፍሻት። እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን፣ ማሳሽን ይጠብቅልሽ። በልጅነታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንቺ መሪውን ይዘሽ እኔ ከላይ የምከተልሽን መዝሙር አስታውሺልኝ፤ ጉንጭሽን ካስጠጋሽልኝ እስከመጨረሻው አደርሰዋለሁ።

በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲደርስ ከኋላዬ ሆነሽ ስሜን እንዳትጠሪ። ፊት ለፊቴ ነይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሁለተኛው ድምፅሽ