አጅሬ ቧንቧ የያዘ ዕለት

እሑድ፣ ግንቦት 17

የኔ እመቤት፣ የዓይኔ ብርሃን ልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲሆን ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። እኔም አንድ ጥርሴ ከመነቀሉ በቀር እንደምታውቂኝ ነኝ። ይህን ስጽፍልሽ ግን ከወትሮው ይበልጥ ደህና ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝና፣ አንድ ቤት የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ውሃ እያፈሰሰ ነው፣ ለምሳ እንግዳ አለባቸው፣ ቶሎ ድረስላቸው አለኝ። አድራሻውን ሲያነብልኝ ወዲያው አወቅኩት። የቀድሞ ባልሽ ቤት ነው። ያ ሻንጣሽን በረንዳ ላይ ገልብጠው፣ የእናቱን የወርቅ አምባር ሰርቃለች ብለው፣ ጎረቤት እያየ ያስወጡሽ ቤት። አለቃዬ ፊቴን አይቶ ሌላ ሰው ልላክ ወይ ቢለኝ፣ እኔው እሄዳለሁ አልኩት። እናትሽ ሁልጊዜ "ለእግዜር ስጠው" ትለኛለች። ሰጥቼው ነበር፤ እሱም ይኸው ቧንቧቸውን አፈሰሰልኝ።

በሩን የከፈተልኝ ራሱ አጅሬ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የተቀበለኝ። ሲያየኝ ክው አለ። ድሮ "አባባ" ነበር የሚለኝ፤ አሁን "ጋሼ" አለኝ። ሌላ ሰው የሚያስጠራበት ጊዜ ስላልነበረው አስገባኝ። ሊያገባ ነው ለካ! የልጅቷ ወላጆች ከልጃቸው ጋር ገንዳው ዳር ምሳ ተጋብዘዋል፤ ጠረጴዛው ተሰናድቶ ይጠብቃል።

የፓምፑ ክፍል ከገንዳው ጀርባ ያለች፣ አጎንብሰሽ የምትገቢባት ጠባብ ክፍል ናት። ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። ውሃው የሚያፈተልከው ከፓምፑ ወደ ማጣሪያው የሚሄደው ቧንቧ ከተያያዘበት ላይ ነው። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሠራ ግሎ የፕላስቲክ ማያያዣውን አጣሞታል። ማን እንደሆነ እንጃ፣ በላስቲክ ጠፍንጎ ጠፍንጎ የተሰበረ እግር አስመስሎታል። ፓምፑን አጠፋሁ፣ ቫልቮቹን ዘጋሁ፣ የተበላሸውን በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጋዙን ስገፋ ክፉ ነገር አሰብኩ። አዲሱን ማያያዣ ያለ ሙጫ ሰክቼ ብሄድ፣ ፓምፑን እንዳስነሱት ይፈነዳ ነበር። እንግዶቹ ጫማቸውን አንስተው ሲራወጡ በዓይኔ ታየኝ፤ ደስም አለኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ የኔ ቂም ግን ከጸሎቴ ጋር አንድ ትራስ ላይ ነው የሚያድረው። ቢሆንም ውሃ ምን ያደርጋል? ተጠርጎ ይደርቃል። ባንቺ ላይ ያፈሰሱት ግን አልደረቀም።

ስለዚህ ሙጫውን አሳምሬ ቀባሁና አጅሬን ጠራሁት። ቧንቧውን ግጥም አድርጎ እንዲይዝልኝ ነገርኩት፤ ከለቀቀው ይተፋዋል፣ እንደገና ከሀ ሁ መጀመር ነው አልኩት። ሸሚዙን ሰብስቦ፣ በዚያ በቆሸሸ ውሃ ላይ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ያዘ። ያ ሙጫ ለመያዝ አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም። እሱ ይህን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩት። የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ አየሁ። ውጪ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ እንግዶቹ ደረሱ። አልደረቀም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት።

ይሄኔ እናቱ ልጇን ፍለጋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አማትሽን ታውቂያታለሽ፤ አንቺ ከወጣሽ ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞር ነበር። አሁንም ሰላም ሳትለኝ እሱን ብቻ አየች። እኔ ደግሞ ስጠብቅ የነበረው እሷን ነው።

"አምባሩን ለማን ሸጥከው?" አልኩት። ድምፄን አላነሳሁም።

"እሱ ነው የወሰደው" ካልሽኝ ጊዜ ጀምሮ ተጠራጥሬ አላውቅም፤ ግን ከቃልሽ ሌላ በእጄ ምንም አልነበረኝም። ቢክድ ኖሮ እናቱ ታምነው ነበር። ቧንቧውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው በርበሬ መሰለ።

"መልስለት እንጂ" አለችው እናቱ።

"ልመልሰው አስቤ ነበር" አለ።

ምን እንዳለ ለራሱም የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ይመስለኛል። እሷ ያለችው ስለ ጥያቄው ነው፤ እሱ ስለ አምባሩ መለሰ።

አማትሽ ፊቷን አዙራበት በቀጥታ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ድምፅዋ ካለሁበት ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከዚህ ቤት ሌባ ብለን ያባረርናት ልጅ ሌባ አልነበረችም፤ ሌባው ልጄ ነው፤ ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እወቁት አለቻቸው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተነስቶ ሄደ።

አንጀቴ ራሰ፣ ልጄ። ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽሽም። ልልቀቀው ወይ ብሎ ሲለምነኝ እንኳ፣ ትንሽ ያዝ ብዬው መሣሪያዬን አንድ በአንድ ጠርጌ ሰበሰብኩ። ከዚያ ፓምፑን እስከ ማታ እንዳይነካው ነግሬው ወጣሁ። ያ ቧንቧ ከእንግዲህ ጠብታ አያፈስም። አሳምሬ የሠራሁት ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ባየው ቁጥር እንዲያስታውሰኝ ነው።

ትናንት አማትሽ ቤታችን መጣች። እናትሽ ወንበር ሰጠቻት፤ እኔ ብሆን አልሰጣትም ነበር። ብዙ አለቀሰች። ይቅርታ ልትለምንሽ ስልክ ቁጥርሽን ጠየቀችኝ። ልጄ ሳትፈቅድ አልሰጥም አልኳት፤ ኮራ ብዬ። እኛም እንደማናውቀው አልነገርኳትም።

ይህን ደብዳቤ የማደርሰው በዚያች አብሮ አደግ ጓደኛሽ በኩል ነው። ያለሽበትን ላትናገር ምላልሻለች አሉ፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ስምሽን ያጎደፈ ስሙ ይጉደፍ፤ አንቺን ግን በሄድሽበት ሁሉ ሰላም ይቅደምሽ፣ የነካሽው ይለምልም፣ እንቅልፍሽ ጣፋጭ ይሁን። እናትሽ ደጋግማ ትስምሻለች።

ቂመኛው አባትሽ