ለድንች የታሰረ ቀበቶ

ልጄ፣ የአባትሽ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ጣራውን ራሴ ወጥቼ ጠገንኩት፤ አትቆጪ።

የላክሽልኝን መኪና እየነዳኋት ነው። የአሮጌዋ መኪናዬ ቆርቆሮ በመዶሻ አይበገርም፤ የዚችኛዋ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። ይህን ለመካኒኩ ብነግረው «አባባ፣ ስትጋጭ እሷ የምትጨማደደው እርስዎ እንዳይጨማደዱ ነው» አለኝ። «እኔማ ድሮ ተጨማድጃለሁ» አልኩት።

ሰኞ ከገበያ ስመለስ የድንች ከረጢት ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። መኪናሽ ጩኸቷን ለቀቀችው። በሩን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሰደብኳት፤ አልተወችኝም። እየጮኸች መካኒኩ ጋ ደረስኩ።

«ሰው የተቀመጠ መስሏት ነው፤ ቀበቶ ቢያስሩለት ዝም ትላለች» ብሎ ሳቀብኝ።

በስተርጅና ለድንች ቀበቶ አሰርኩ።

መንገድ ላይ ውሻ ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ተወርውሮ ድንቹን ደገፈ። አሮጌዋ ቀበቶ የላትም፤ ነፍሷን ይማረውና፣ የእናትሽ ቀበቶ ይህ ክንዴ ነበር። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ደረቴን ሰበርከው!» ትለኝ ነበር። ድንቹ ምንም አላለኝም።

ቤት ደርሼ ከረጢቱን ሳላወርድ መኪናዋ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። አሁን «ከጎንህ ሰው አለ» የምትለኝ ይህቺ መኪና ብቻ ናት።

የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ። ሲመችሽ ብቅ በይ፤ እኔው ነድቼ እቀበልሻለሁ። ስትገቢ ግን ቀበቶውን ቶሎ እንዳታስሪ። ትንሽ ትጩኽልን።

አባትሽ