በዕቅዱ ጠርዝ ላይ የተጻፉ ጥያቄዎች

ሰኞ

ያችን የቅዳሜ ግምገማ እስክሞት አልረሳትም። ጌትነት ሠራተኛው ሁሉ ፊት አስነሥቶኝ፣ “ትዕግሥት ሲስተሙን አመጣች እንጂ የሚጠቀምበት ሰው አላፈራችም” አለ። ሥራ አስኪያጅ ነውና ሁሉም አንገቱን ደፋ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። አደረግኩ። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልኩ።

ውጤት፦ የሥልጠና ኃላፊነቱ ለሚስቱ ወንድም ለሙሉቀን ተሰጠ። እኔ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ሊበን ቅርንጫፍ ሄጄ ቁጥር እጽፋለሁ።

እማዬ ዓይኗን ካጣች ወዲህ ከአልጋዋ እስከ ደጅ የምትደርሰው የኔን ክንድ ይዛ ነው። ይዣት እንዳልሄድ ሐኪሞቿ ያሉት እዚህ ፍኖተ ሰላም ነው። ትቻት እንዳልሄድ ሌላ ሰው የላትም። ጌትነት ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ቤታችን ገብቶ የበላ ሰው ነው።

ቢሮ ውስጥ አንቱ እለዋለሁ፣ ምን ይደረግ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ። ለጊዜው የቻልኩት በቀል ይህ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ጠራኝ። ዓርብ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፣ ሲስተሙን ያያሉ። “የዘንድሮውን ዕቅድ ጫኚው። ከዚያ ቡሬ ሄደሽ የመጨረሻ ሥልጠናሽን ስጪ” አለኝ። አባሮኝም ያዘኛል።

ሲስተሙ ማለት የገበሬዎች ዩኒየናችን ቅርንጫፎች በያሉበት ሆነው አንድ ሰነድ ላይ የሚሠሩበት ፕሮግራም ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያያል፣ ጠርዙ ላይም አስተያየቱን ያሰፍራል። ኮሜንት እንለዋለን። ዓመቱን ሙሉ አንድ ኮሜንት የጻፈ የለም። በዚህ እንኳ ጌትነት አልዋሸም።

ለምን እንደሆነ ዛሬ ቡሬ ላይ ገባኝ። ከማንኩሳ የመጡት የመጋዘን ኃላፊ፣ አያ ቢተው፣ ዕቅዱን ገና እንደከፈትኩላቸው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ሳቁ። “ይጻፉታ” አልኳቸው።

“ኧረ ወዲያ” አሉ። “በደኅና ጊዜ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ እነግረዋለሁ እንጂ፣ ሰው ሁሉ እያየ ተሳስተሃል ብዬ ልጻፍበት? ምን ነክቶሻል የኔ ልጅ።”

የቡሬዋ ሒሳብ ሠራተኛም ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ነቀነቁ። እኔ ሞኟ ዓመቱን ሙሉ የት እንደሚጫን ሳስተምር ከርሜያለሁ። መጫኑንማ ያውቁታል። ያስቸገራቸው ነውሩ ነው።

“እንግዲያው ተሳስተሃል አይበሉ” አልኳቸው። “አንቱ ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር ነው?”

አሰቡ አሰቡና በአንድ ጣታቸው ጻፉ፦ “ጌታው፣ ይህ ማዳበሪያ የሚገባበት የማንኩሳው መጋዘን፣ ጣሪያውን ነፋስ ከወሰደው ወዲህ ተሠርቶ ይሆን?”

ከዚያ ሌሎቹ ወንበሩን ለመያዝ ተጋፉ። ለምሳሌነት የሚሆን ስንት ሰነድ እያለ የጌትነትን ዕቅድ የከፈትኩት ሳላስበው ነው ብዬ ራሴን አልዋሽም።

ረቡዕ

ጥያቄው ይጎርፋል። ዕቅዱ ለካ ሽፋኑ ተቀይሮ የሙሉቀን ስም ብቻ የገባበት የአምናው ነው።

ከቡሬ፦ “የዘንድሮው በቆሎ ካምናው ጋር አንዲት ኩንታል ሳይበላለጥ ደርሶ ይሆን?”

ከሊበን፦ “የቅርንጫፋችን ኃላፊ ተብለው የተጻፉት ጡረታ ወጥተዋል። ተመልሰው ይሆን?”

ከሹፌራችን፦ “በዚህ መንገድ ይጓጓዛል የተባለው፣ ድልድዩን ውኃ እንደወሰደው ተሰምቶ ይሆን?”

እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ስጋት፦ ጌትነት ከዓርብ በፊት ቢያየውስ? አያይም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አያውቅም፤ ሁሉን ነገር ጸሐፊው እመቤት በወረቀት አትማ ነው የምትሰጠው። እመቤት ጠርዙ ላይ ያለውን አይታ ዞራ አየችኝ። “ወረቀቱ ላይ አይወጣም አይደል?” አለች። አይወጣም አልኳት። “እንግዲያው እኔ ምንም አላየሁም።” ቆይቼ ብከፍተው የሷም ጥያቄ ተጨምሮበታል።

የኔን መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። “የሥልጠና ኃላፊ፦ አቶ ሙሉቀን” ከሚለው መስመር ጎን፣ በገዛ ስሜ፦ “አዲሱ ኃላፊ ሲስተሙን ከፍተው ያውቃሉ?”

ሐሙስ

ሙሉቀን የይለፍ ቃል አምጪ አለኝ፣ ጽፌ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተውና ሄደ። አልከፈተውም።

መብራት ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። ነገ እንዳይጠፋብኝ ለጊዮርጊስ ጧፍ ተሳልኩ። ለበቀል ይሳላል? የሚጠየቅ ቄስ አላጣም፣ ግን አልጠይቅም።

እማዬ ማታ፣ “ርምጃሽ ቀሏል፣ ምን አግኝተሽ ነው?” አለች። ምንም አልኳት። “ሰው ልታስለቅሺ እንዳይሆን” አለችኝ። ስለ ሊበን እስካሁን አልነገርኳትም።

ዓርብ

መብራቱ ነበር። ምነው በጠፋ።

ዕቅዱ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። ጌትነት ወረቀቱን ይዞ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያነባል። የእንግዶቹ መሪ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ “ጎን ላይ ያለው ምንድን ነው?” አሉ። ዞረ። ያችን ፊት ለማየት ነበር ሳምንቱን የኖርኩት፤ አየኋት። ሴትዮዋ የአያ ቢተውን ጥያቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ የሹፌሩን። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ከዚያ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። “ብዙ ቦታ ዞረናል” አሉ። “ሁሉም ሲስተሙን ያስጎበኘናል፣ የሚሠራበት የለም። ሠራተኛ አለቃውን እንዲህ በጨዋ ደንብ የሚጠይቅበት ቤት ገና ዛሬ አየን። እንዴት አድርገው አስለመዷቸው?”

ጌትነት ላቡን ጠረገ። “በራችን ለሠራተኛው ሁልጊዜም ክፍት ነው” አለ።

አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። ላዋርደው ሳምንት ሙሉ ደክሜ ሸለምኩት።

እመቤት ገጹን ስታወርድ የኔ ጥያቄ ብቅ አለ። ጌትነት አነበበው፣ ወደ እኔ አየ፣ “ሻይ ደርሷል” ብሎ አስዘጋው።

ቅዳሜ

አስጠራኝ። ብቻውን ነው። የኮምፒውተሩ መጻፊያ ላይ የፋብሪካው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣም።

“እንግዶቹ ተመልሰው መልሱን እናያለን ብለዋል” አለ። “እንዴት ነው የሚመለሰው?”

ጥያቄዎቹ የሚጠፉበትን ላሳየው እችል ነበር። እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር። ግን የአያ ቢተው ጥያቄ አብሮ ይጠፋል፣ እሱ ደግሞ የበቀሌ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያው እውነትም የለም። ፕላስቲኩን ገፈፍኩና አሳየሁት።

“አልተሠራም” ብሎ ጻፈ።

“በአንቱ ነው የተጠየቁት” አልኩት፤ “መልሱም እንዲያው ቢሆን።”

ጥርሱን ነከሰ። አጠፋና “አልተሠራም፤ ይቅርታ ያድርጉልን” ብሎ ጻፈ። ይህቺን ቃል ከሱ እጅ ስትወጣ ማየት ለጭብጨባው ሁሉ ካሰኝ።

እየመለሰ እየመለሰ የኔ ላይ ደረሰ። “አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው” አለ።

“አዎ። አላስተማረችም ተብዬ ስለተገመገምኩ ነው።”

“ይሄን ሰኞ እመልሰዋለሁ” አለና ተነሣ።

ሰኞ

የርክክብ ቀን። ለእማዬ ትናንት ማታ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ጠዋት ስወጣ ግን ክንዴን ቶሎ አልለቀቀችም።

ለሙሉቀን ላስረክብ ሲስተሙን ከፈትኩ። ከጥያቄዬ ሥር፣ በጌትነት ስም፣ አንዲት ቃል፦ “አያውቁም።”

ቡሬ አይቷል። ማንኩሳ አይቷል። ሊበንም አይቷል። ሙሉቀን ከትከሻዬ በላይ አነበበና የቢሮውን ቁልፍ ሳይቀበለኝ ወጣ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ስለ ዝውውሩ ግን አንድም ሰው አልተናገረም። የጌትነት በር ዝግ ነው። የሊበን መኪና መናኸሪያ ቆሞ ሰው እየጫነ ነው አሉ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው።

እንዳስተማርኳቸው አደረግኩ። ከመልሱ ሥር ጻፍኩ፦ “እንግዲያው ጌታው፣ ዛሬ ወደ ሊበን የሚሄዱት ማን ይሆኑ?”

መኪናው ሄዷል። መልስ የለም። ከአቶ ጌትነት ስም ጎን ያለችው ትንሽ እርሳስ ግን መንቀሳቀስ ጀምራለች፤ እየጻፉ ነው ማለት ነው። በአንድ ጣታቸው ስለሆነ ይቆያል። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።