ከደጀ ሰላሙ በወደቀ ድንጋይ ስለ ሞቱት ስለ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሻው፣ ቀብራቸውም ስለሚያልፍበት መንገድ

ከጎንደር ጥንታውያን ግንቦች ጠባቂ ማኅበር፤ ለአባላት፣ ለካህናትና ለከተማው ሕዝብ በሙሉ።

የማኅበራችን የግንብ ተመልካች አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሻው ትናንት ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ከአሮጌው ደብር ደጀ ሰላም በወደቀ ድንጋይ ተመትተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ኀዘናችን ከባድ ነው። ከኀዘኑ ጋር ፍርሃትም ይዞናል፤ ይህንን ልንደብቃችሁ አልወደድንም።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በ፲፱፻፵፫ ዓ.ም. የጥንት ቤቶች አጠባበቅ እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ነበር። ሲመለሱ ስለ ቤተ መንግሥቶቹ ትልቅነት ብዙ አላወሩም። ያስደነቃቸው ለፈረሰ ገዳም ዘበኛ መቆሙ፣ በአትክልት ቦታ ያረጀ ዛፍ በምርኩዝ መደገፉ፣ በየቤቱም ግድግዳ «በዚህ እገሌ ኖሯል» የሚል ክብ ሰሌዳ መለጠፉ ነበር።

በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. እዚያ ያዩትን ዘዴ እዚህ ጀመሩ። ከተሰበረ የጣሊያን ማኪና መስኮት ቀጭን መስታወት እየቆረጡ በግንቦቻችን ስንጥቅ ላይ ግራና ቀኙን አገናኝተው ይለጥፉ ነበር። ግንቡ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከዛሪማ የሚመጡ ገበያተኞች «አያ መስታወት፣ ምነው፣ ግንቡ ፊቱን ሊያይ ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም ስቀው፣ «ግንብ ሲወድቅ አይጣራም፤ መስታወቱ ይጣራልናል» ይሉ ነበር።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ለደጀ ሰላሙ ክብ የእንጨት ሰሌዳ አሠሩ። የግንበኛውን ስም ሊጽፉበት አስበው ሽማግሌዎችን ሁሉ ቢጠይቁም ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። ሰሌዳው ባዶውን በጽሕፈት ቤታችን ቆይቷል።

ባለፈው ሳምንት ምእመናን ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ክብር ብለው ደጀ ሰላሙን በኖራ አሳመሩ። ስንጥቁንም ከነመስታወቱ መረጉት። በበጎ ልብ የተደረገ ነውና ማንም እንዳይወቀስበት እንለምናለን። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ትናንት ኖራውን ፍቀው መስታወቱን ሊያዩ ሲወጡ የግንቡ እኩሌታ ተናደባቸው።

የቀረው እኩሌታ ወደ መንገዱ ዘሟል። እርሳቸው በገለጡት በኩል ያለው መስታወት ዛሬ ጧት ለሁለት ተሰብሮ ታይቷል። ሕዝቡ ታቦት አጅቦ በዚያ በር ሥር ሊያልፍ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ስለ ሌሎቹ ግንቦችም ማን እንደሚነግረን አናውቅም። ፈርተናል፤ እናንተም እንድትፈሩ እንለምናለን።

ስለዚህ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በሚፈጸመው ቀብር አስከሬኑ እንደ ልማዱ በደጀ ሰላሙ አይገባም። በካህናቱ ፈቃድ ከቅጥሩ በስተደቡብ በኩል ሌላ መግቢያ ተከፍቷል፤ ታቦቱም በንግሡ ዕለት በዚያው ይወጣል። ሟች በበሩ ሳይገባ አይቀበርም ብለው ላዘኑ ዘመዶች ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ «እሳቸው የፈሩትን በር እኔ ምነው ልዳፈር? በደቡብ ይግቡ» ብለው መልሰዋል። ማኅበሩ ለእርሳቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይለምናል፤ የሟችንም ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ባዶው ሰሌዳ ዛሬ ስም ተጽፎበታል። በደጀ ሰላሙ ላይ ሚስማር እንዲመታ ግን ማንንም ሰው ማዘዝ አልቻልንም። መንገዱን በዘጋው የእሾህ አጥር ላይ ሰቅለነዋል፤ ጽሑፉም፣ «ኃይለ ጊዮርጊስ የሻው በዚህ ሞቷል። እናንተ በወዲያ እለፉ» ይላል።