ክር የምትበጥሺበት ቦታ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ዓይንሽስ፣ አሁንም ክር በመርፌ ለማስገባት ጎረቤት ትጠሪያለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ እማዬስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፄም ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ መድረክ ላይ ስወድቅ ስነሳ ተላልጧል።

መውደቅ ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ ሥራዬ ነው። እንደምታውቂው እዚህ የመጣሁት የአዳራሹን ወንበር ልደረድር ነበር። አንድ ቀን ቀልደኛው ቀረና «በል አንተ ግባ» አሉኝ። ከድንጋጤዬ የተነሳ ገመድ ጠልፎኝ በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ «ላስቲክ» ይሉኛል። በቀልዱ መሃል አንድ ሁለት ዘፈን ጣል ሳደርግ ይኸው ዘፋኝ ሆኜ ቀረሁ። አምና ሬዲዮ ገባሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሸክላ አስቀረጽኩ።

ሸክላው ላይ ያለው ያንቺ ዘፈን ነው፣ ስትሰፊ የምታንጎራጉሪው። ሁለተኛው ስንኝ መሃል ላይ ቀጥ ብዬ ዝም እላለሁ፤ ባንዱም አብሮኝ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንቀጥላለን። እትዬ፣ ሰው ያበደው በዚያች ዝምታ ነው። አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃታል። የባንዱ መሪ ከየት እንዳመጣኋት ሲጠይቀኝ እንደ አዋቂ ፈገግ አልኩ። የሸክላ አሳታሚውም «ዜማው ያንተ ነው?» ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ያኔ አንገቴን በቆረጠኝ። የኔ ስም ታተመበት።

ባለፈው ሳምንት ስወድቅ ሱሪዬ ተቀደደና ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ፎጣ አገልድሜ እጠብቃለሁ፣ እሷ እየሰፋች ታዜማለች። ድንገት ዝም አለች። ቀና ስል ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። በጠሰችና ካቆመችበት ቀጠለች። ለካ አንቺም ዝም የምትይው ክር ስትበጥሺ ኖሯል። እኔ እግርሽ ሥር ቁጭ ብዬ ስሰማ የዘፈኑ አካል መስሎኝ አብሬ ሸምድጄዋለሁ። ፎጣዬን ይዤ እንደ እብድ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሽሽ።

ሱሪዬን ለብሼ በቀጥታ አሳታሚው ቢሮ ሄድኩና ግጥሙም ዜማውም የእህቴ ነው አልኩት። የስድብ መዓት አወረደብኝ። ግን ሸክላው አልቆ እንደገና ሊታተም ስለሆነ፣ ስሟን በእጇ ጽፋ ትላክ አለ።

አውቅሻለሁ፣ «ለኔ ምን ያደርግልኛል» ትያለሽ። ተይ እትዬ። እንዲጻፍ እንደምትፈልጊው አድርገሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። እስኪደርሰኝ ድረስ ሰዉ ቢጮህም ዘፈኑን አልዘፍነውም፤ ትናንትም ጮኹ፣ አልዘፈንኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፊ አንዱም ላይ ስምሽ አልተጻፈም። እዚህኛው ላይ ይጻፍ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ዘፈን ሥራ አይደለም ያለኝን ባልረሳም፣ ናፍቆሃል በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚያቸው፤ ትልቋ ማዜም ከጀመረች ዝም በይ አትበያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
መጋቢት 9 ቀን